መርፌውን ከማንሳታችሁ በፊት፦ ለወጣት የእንስሳት ሐኪሞች

ወጣት ባልደረቦቼ፣ እንዴት ናችሁ?

ዕድሜዬን የጨረስኩት ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ነው። ከላም፣ ከውሻና ከድመት ቆርጣችሁ የምትልኩትን ቁራጭ የምናነበው እኔና መሰሎቼ ነን። ስለዚህ ምክሬ ከተቀባዩ ወገን የመጣ ነው። አጥብቄ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፦ ምን ለማወቅ እንደፈለጋችሁ ሳትወስኑ ባዮፕሲ (ለምርመራ ከአካል የሚቆረጥ ቁራጭ) አትውሰዱ።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን የናሙና ወረቀቱ ላይ "ውሻ፣ ጉበት" ብቻ ተጽፎ የሚመጣው ስንት ጊዜ እንደሆነ ብታዩ ትገረማላችሁ። ዕድሜ የለ፣ ዝርያ የለ፣ የደም ውጤት የለ። አልትራሳውንዱ ምን እንዳሳየም አይነገረንም። ስቴሮይድ ሲወስድ የከረመ ውሻ የጉበት ሴሎቹ ግላይኮጅን በሚባል የስኳር ክምችት ያብጣሉ። መድኃኒቱን ካልነገራችሁኝ እኔ የሌለ በሽታ ሳሳድድ እውላለሁ።

ጥያቄው ከተለየ የናሙናው አያያዝም አብሮ ይለያል። ናሙና እንዳይበሰብስ የሚያደርገው ፈሳሽ፣ ፎርማሊን፣ ውስጥ የገባ ቁራጭ ባክቴሪያ አይበቅልበትም። ድመቷ የሐሞት ቧንቧ ኢንፌክሽን አለባት ብላችሁ ከጠረጠራችሁ አንዱን ቁራጭ ለካልቸር (ባክቴሪያውን አብቅሎ ለመለየት) ለብቻው በንጹሕ ዕቃ አስቀሩ። ለሂስቶፓቶሎጂ (በማይክሮስኮፕ ለሚነበበው) የሚሄደው 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ፤ መጠኑም የቁራጩን 10 እጥፍ ይሁን። ፍሪዘር ውስጥ ያደረ ናሙና ግን አደራችሁን አትላኩልን። በረዶው ሴሎቹን ስለሚሰባብራቸው የሚነበብ ነገር አይተርፍም።

ከአገራችን ምሳሌ ላንሳ። በስምጥ ሸለቆ አንዳንድ አካባቢዎች የሚግጡ ከብቶች የመዳብ እጥረት እንደሚያጠቃቸው ከታወቀ ቆይቷል። ፀጉራቸው ይደበዝዛል፣ ይከሳሉ፣ አንዳንዴም ያስቀምጣቸዋል። ደማቸው ሲለካ ግን መዳቡ ደህና ሊመስል ይችላል። ጉበት የመዳብ ጎተራ ነው፤ ጎተራው እስኪራቆት ድረስ ደም ውስጥ ያለው ብዙም አይጎድልም። እውነቱን የምታገኙት ከጉበቱ ትንሽ ቁራጭ ወስዳችሁ ስታስለኩ ነው። ላሟን መጣል አያስፈልግም፤ እንደቆመች ይሠራል። በቀኝ በኩል፣ በ10ኛውና በ11ኛው ጎድን አካባቢ፣ ማደንዘዣ (ሊዶካይን) ወግታችሁ ቆዳውን ትንሽ ቀደድ አድርጋችሁ መርፌውን ታስገባላችሁ።

እዚህ ላይ ግን ቆም በሉ። የጉበት ትል በሚበዛበት ረግረጋማ ደጋ ያለ ከብት ጉበቱ ውስጥ ክሎስትሪዲየም የሚባል ባክቴሪያ ስፖሮች (እንቅልፍ ላይ ያለ መልኩ) ተኝተው ሊሆን ይችላል። እነዚህ ስፖሮች የሚነቁት አየር ባጣ፣ በተጎዳ ሥጋ ውስጥ ነው። የእናንተ መርፌም ጉዳት ነው። ክትባቱን ወይም አንቲባዮቲኩን አስቀድማችሁ አስቡበት። የጉበት ትሉን ራሱን ለማግኘት ብሎ ጉበት መውጋት ደግሞ ከንቱ ድካም ነው። እበቱን በሴዲመንቴሽን (በውኃ በጥብጦ በማዝቀጥ) መርምሩ፣ እንቁላሉን ታያላችሁ።

ውሻና ድመት ላይ ዋናው ፍርሃት ደም መፍሰስ ነው። ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ የደም ሴሎች) እና የደም መርጋት ጊዜ ሳታዩ አትውጉ። ሐሞቷ የታገደባት ድመት ቫይታሚን ኬ ታጥታ ሊሆን ስለሚችል ቀደም ብላችሁ ስጧት። ራሱ የሚተኩሰውን የባዮፕሲ ሽጉጥ ድመት ላይ አልመክርም፤ በድንጋጤ የሞቱ ድመቶች በጥናት ተመዝግበዋል።

መርፌውም አይቅጠን። በ2002 በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት ከተመሳሳይ ውሾችና ድመቶች ጉበት በ18 ጌጅ መርፌ (የጌጅ ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል) እና በቀዶ ጥገና የተወሰዱ ናሙናዎችን አወዳድሮ ነበር። የሁለቱ ውጤት የተስማማው በግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። 14 ወይም 16 ጌጅ ተጠቀሙ፤ የእንስሳው መጠን ከፈቀደ ማለት ነው። ከአንድ በላይ ቦታም ውሰዱ። ጉበት እዚህ ታሞ እዚያ ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

አንጀት ላይ ደግሞ ከሁሉ የሚያስቸግረው ያረጀች፣ የምትከሳና የምታስመልስ ድመት ናት። ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነት ነው ወይስ ቀስ ብሎ የሚያድግ ሊምፎማ (የነጭ ደም ሴሎች ካንሰር)? ሁለቱ በምልክትም በአልትራሳውንድም ይመሳሰላሉ። ኢንዶስኮፕ (ወደ አንጀት የሚገባ ካሜራ ያለው ቱቦ) የሚቆርጠው የላይኛውን ሽፋን ብቻ ነው። ሊምፎማው ጠለቅ ብሎ ወይም ከኢንዶስኮፑ መድረሻ ርቆ ከተቀመጠ ታልፉታላችሁ። በኢንዶስኮፕ ከሠራችሁ ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ ቢያንስ 6 ጥሩ ቁራጮች ውሰዱ፤ ከቻላችሁ በትልቁ አንጀት (ኮሎን) በኩል ገብታችሁ ከትንሹ አንጀት መጨረሻም ጨምሩ። ሆዷን ከፍታችሁ ከሆነ ደግሞ ሙሉ ውፍረቱን ከተለያየ ቦታ ውሰዱ፣ አንጀቱ ለዓይን ጤነኛ ቢመስልም። በፒንሳ የተጨፈለቀ ቁራጭ ግን ለማንም አይጠቅምም። ቀስ በሉ።

አልቡሚኗ (ዋናው የደም ፕሮቲን) በጣም የወረደ ከሆነ የተሰፋው አንጀት ሊፈታ ስለሚችል ባለቤቱን ቁጭ አድርጋችሁ አስረዱት። አንዳንዱ "በቃ መድኃኒት እንሞክር" ይላል። ይህም የሚከበር ምርጫ ነው። ስቴሮይድ ከተጀመረ በኋላ የሚወሰድ ባዮፕሲ ግን ሊምፎማን ሊደብቅ እንደሚችል ያን ቀን ንገሩት።

ውጤቱ መጥቶ ከእንስሳው ሁኔታ ጋር አልገጥም ካላችሁ ዝም ብላችሁ ፋይል ውስጥ አታስገቡት። ደውሉልን። ስላይዱን ደግመን እናየዋለን፣ ሰው በማንበብም ይሳሳታል። የፓራፊን ብሎኩ (ናሙናው የተቀበረበት ሰም) ለዓመታት ስለሚቆይ ሌላ ቀለም መቀባትም ይቻላል፤ የመዳብ ጥርጣሬ ካለ ሮዳኒን፣ የፓራቲዩበርክሎሲስ (በባክቴሪያ የሚመጣ የከብት አንጀት በሽታ) ከሆነ ዚል ኒልሰን። ለተጨማሪው ቀለም ስንት እንደሚከፈል ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።