ማንዶሊን ብቻውን

ልጆቼ፣ ከ30 ዓመት በላይ መሬት ስቀይስ ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ስለ ሙዚቃ ለማውራት የሚያበቃ እውቀት የለኝም። ሰሞኑን የሰማሁት አንድ አልበም ግን የድሮ ሥራዬን አስታወሰኝና ልጻፍላችሁ አልኩ።

የአዳማን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ማታ መብራት ሄደ፣ ቬንትሌተሩም ቆመ። ቤቱ ጸጥ ሲል የእህቴ ልጅ በቴሌግራም የላከልኝን ሙዚቃ በጆሮ ማዳመጫ ከፈትኩ። ማንዶሊን ነው። ለእኔ ማንዶሊን ማለት አየለ ማሞ ነበር። ይሄኛው ግን ከበሮ የለው፣ ጊታር የለው፣ ድምፃዊ የለው። ብቻውን።

ተጫዋቹ ክሪስ ቲሊ ይባላል። በብሉግራስ፣ በአሜሪካኖች የገጠር ሙዚቃ ያደገ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው በዚህ አልበም የድሮው የጀርመን የሙዚቃ ደራሲ ባህ ለአንድ ቫዮሊን ብቻ የጻፋቸውን ሥራዎች ይጫወታል፤ የባህ የእጅ ጽሑፍ 1720 ይላል። የሁለቱ መሣሪያዎች ቅኝት አንድ ነው። ማንዶሊን እያንዳንዱን ክር ጥንድ ስላደረገው ስምንት ሆነ እንጂ።

ልዩነቱ ደጋኑ ላይ ነው። ማሲንቆና ክራርን አስቡ። ማሲንቆ ደጋኑ እስከተሳበ ድረስ ድምፁ አለ። ክራር ግን አንዴ ከተመታ ድምፁ ይሞታል። ማንዶሊንም እንደዚያው። ስለዚህ ቀጣዩ ምት በሰዓቱ መድረስ አለበት፤ ቢዘገይ የሚሸፍንለት የለም። መምቻዋ ክሩን ስትነካ ቀጭ የምትለዋ እንኳ ትሰማለች።

እኔ ጀማሪ ሳለሁ ሌቭሉን፣ የመሬት ከፍታ መለኪያውን መሣሪያ፣ አነብ ነበር፣ ሒሳቡን የሚሠራው ግን ጓደኛዬ ነው። ሁለት ዓመት ተሸፍኜ ኖርኩ። አንድ ቀን እሱ ታመመና ያለ እሱ ወጣሁ። ከከፍታው ምልክት ተነስቼ፣ ዞሬ እዚያው ተመለስኩ። ዜሮ መምጣት ሲገባው 10 ሴንቲ ልዩነት መጣ። ስታፉን፣ በሌቭሉ የሚነበበውን ቁጥር ያለበት ዘንግ፣ የሚይዘው ልጅ «ጋሼ፣ እንሂድ?» ይለኛል፤ እኔ ደብተሩ ላይ አፍጥጫለሁ። ከየት እንደመጣ አላውቅማ!

እናንተም ከሥራችሁ አንዷን፣ ትንሽም ትሁን፣ ከጅምሩ እስከ መጨረሻው ብቻችሁን ሥሯት። ሶፍትዌሩ ሳያርም፣ ነባሩ ሳይገባበት። ከሰው ጋር አትሥሩ ማለቴ አይደለም፤ ቲሊም ባንድ አለው። ለአለቃ ለማሳየትም አይደለም። የት ላይ እንደምትዘገዩ ጆሯችሁ እንዲሰማ ነው።

በማግስቱ ተመልሼ እንደገና ለካሁ። የሁለቱን ቀን ደብተር ጎን ለጎን ሳስተያይ አራተኛው ነጥብ ላይ አሥሯ ሴንቲ ብቅ አለች። 1.43 ሜትር መሆን የነበረባትን 1.53 ብዬ ጽፌያት ኖሯል።