በእርግዝናዬ ፊቴን ብጉር ወረሰው፤ ምን ልቀባ?

ጥያቄ፦ የ28 ዓመት ሴት ነኝ። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። በጉርምስናዬ እንኳ ብጉር አያውቀኝም ነበር። ከእርግዝናው መጀመሪያ አንሥቶ ግን አገጬና መንጋጋዬ ዙሪያውን በሚያም ብጉር ተሞልቷል፤ ጉንጬ ደግሞ ደርቆ ይላላጣል። ማርገዜን ሳላውቅ እህቴ የምትጠቀምበትን አዳፓሊን የሚባል ክሬም ለሦስት ሳምንት ያህል ማታ ማታ ተቀብቻለሁ። እንዳወቅሁ ባቆመውም ልጄን ጎድቼው ይሆን እያልሁ እንቅልፍ አጥቻለሁ። አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ «በሳምንት ፊቴን አጠራልኝ» ብላ ስም ያልተጻፈበት፣ ተቀላቅሎ የሚሸጥ ክሬም ሰጥታኛለች። ብቀባው ችግር አለው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እንኳን ደስ አለዎት። እንቅልፍ ከነሳዎት ነገር ልጀምር።

አዳፓሊን ከቫይታሚን ኤ ጋር ከሚዛመዱት መድኃኒቶች አንዱ ነው። በእርግዝና ጊዜ አይቀቡት የምንለው በነፍሰ ጡሮች ላይ በቂ ጥናት ስላልተደረገበትና የዚሁ ወገን ኪኒኖች ጽንስን እንደሚጎዱ ስለሚታወቅ ነው። ክሬሙ ግን ቆዳን አልፎ ወደ ደም የሚገባው መጠን እጅግ ትንሽ ነው። እንደ እርስዎ ማርገዛቸውን ሳያውቁ እንዲህ ያለ ክሬም የተቀቡ ሴቶችን የተከታተሉ ጥናቶችም በሕፃናቱ ላይ የአካል ጉድለት መጨመሩን አላሳዩም። ማቆምዎ ትክክል ነው። ለእርግዝና ክትትል ሲሄዱ የክሬሙን ስምና የተቀቡበትን ጊዜ ይንገሩ፤ በዚህ ምክንያት ብቻ የተለየ ምርመራ አያስፈልግዎትም። ልጄን ጎድቻለሁ ብለው ራስዎን አያሠቃዩ።

የወሰዱት ኪኒን ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር። ለከባድ ብጉር በአፍ የሚወሰደው አይሶትሬቲኖይን ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በገበያ ላይ ያለ፣ በሥራውም ወደር የሌለው መድኃኒት ነው። ነገር ግን ለጥቂት ቀናት ብቻ ቢወሰድ እንኳ የጽንሱን ጆሮ፣ ፊት፣ ልብና አንጎል ሊያበላሽ፣ ውርጃም ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ የምትወስደው ሴት ከመጀመሯ አንድ ወር በፊት፣ በምትወስድበት ጊዜ ሁሉና ካቆመች በኋላም ለአንድ ወር እርግዝናን በአስተማማኝ መንገድ መከላከል አለባት። እየወሰደች ያረገዘች ካለች መድኃኒቱን ወዲያው አቁማ በዚያው ቀን ሐኪም ማየት ይኖርባታል። «ለቆዳ ጥሩ ነው» ተብለው የሚሸጡ የቫይታሚን ኤ እንክብሎችንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰዱ፤ ሬቲኖል የተባለው ዓይነት በቀን ከ10,000 ዓለም አቀፍ ዩኒት ሲበልጥ ለጽንሱ ያሰጋል።

ወደ ጓደኛዎ ክሬም ስመጣ መልሴ አጭር ነው፤ አይቀቡት። እርስዎን ለመርዳት ብላ በቅን ልብ እንደሰጠችዎ አልጠራጠርም። ሆኖም ብጉርን በአንድ ሳምንት አጥፍቶ ፊትን የሚያነጣ ስም የለሽ ክሬም ብዙውን ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱን ይይዛል፤ ኃይለኛ ስቴሮይድ፣ ሃይድሮኪኖን የተባለውን የቆዳ ማንጫ ወይም ሜርኩሪ። እንደ ክሎቤታሶል ያለ ስቴሮይድ መቅላቱንና እብጠቱን በቀናት ውስጥ ስለሚያበርድ መድኃኒቱ የሠራ ይመስላል። ሲቆይ ግን ቆዳው ይሳሳል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ፊት ላይ ይወጣሉ፤ ክሬሙ በቆመ ማግሥት ብጉሩ ከቀድሞው ብሶ ይመለሳል። በእርግዝና ወቅት ብዙ መጠን ያለው ኃይለኛ ስቴሮይድ መቀባት ክብደቱ አነስተኛ ከሆነ ሕፃን መወለድ ጋር ተያይዟል። ሃይድሮኪኖን ደግሞ ከተቀባው ከሲሶ በላይ የሚሆነው ወደ ሰውነት ስለሚገባ ለነፍሰ ጡር አንመርጠውም።

ከሁሉም የምፈራው ሜርኩሪን ነው። በቆዳ በኩል ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል፤ የእንግዴ ልጁን ተሻግሮም በማደግ ላይ ያለውን የጽንስ አንጎል ይደርስበታል። ከተቀባው ሰው ፊት ወደ ፎጣው፣ ወደ ትራሱ፣ ከዚያም በቤት ውስጥ ወዳሉ ሕፃናት ይዛመታል። በ2013 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ የተጨመረባቸውን የቆዳ ማንጫዎች የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። በማሸጊያው ላይ «ካሎሜል» የሚል ቃል ወይም «ከወርቅና ከብር ጌጥ ጋር አይነካካ» የሚል ማሳሰቢያ ካዩ ሜርኩሪ እንዳለበት ምልክት ነው። የእርስዎ ግን ጭራሽ ጽሑፍ የለውም፤ ይህ ብቻውን ለመተው በቂ ነው። ጓደኛዎም ክሬሙን ይዛ ሐኪም ዘንድ እንድትሄድ ይንገሯት። ለረጅም ጊዜ ተቀብታው ከሆነ ክሬሙን የምታቆምበት መንገድ ክትትል ሊፈልግ ይችላል።

አሁን ወደ ፊትዎ። በእርግዝና ወቅት የሚጨምሩት ሆርሞኖች የቆዳን የወዝ ዕጢዎች ያነቃቃሉ፤ ወዙ ሲበዛ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፣ ከዚያ ያብጣሉ። በጉርምስናዎ ብጉር ስላልነበረብዎ አሁን አይወጣብዎትም ማለት አይደለም። ብዙ ሴቶች እዚህ ላይ የሚያደርጉትን አውቃለሁ፤ ፊታቸውን በቀን አራት አምስት ጊዜ በሳሙና ያሻሉ። ብጉር የቆሻሻ በሽታ አይደለም። ያ ሁሉ እሽታ ብጉሩን ሳይነካ ጉንጩን ያደርቀዋል፤ የእርስዎ ጉንጭ መላላጥም ምናልባት ከዚሁ የመጣ ሊሆን ይችላል። ፊትዎ ሁለት ዓይነት ጠባይ ስላሳየ እንክብካቤውም በየቦታው ይለያይ።

ጠዋትና ማታ፣ ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ለብ ባለ ውኃና ሽታ በሌለው ለስላሳ ማጠቢያ በጣትዎ ይታጠቡ፤ በሻካራ ጨርቅ አይሹት። ፎጣውን ተጭነው ያድርቁ እንጂ አይፈትጉበት። ጉንጭዎ ገና እርጥበቱ ሳይለቀው፣ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ ግሊሰሪን ወይም ሴራማይድ ያለበት ሽታ አልባ ክሬም ይቀቡ። በጣም የሚላላጠው ቦታ ላይ ማታ ስስ ቫዝሊን ቢጨምሩበት ጥሩ ነው። ለአገጭዎ ግን ቀዳዳ እንደማይደፍን የተጻፈበትን ቀለል ያለ ማለስለሻ ይምረጡ።

ለብጉሩ የመጀመሪያ ምርጫዬ 15 ወይም 20 በመቶ የሆነ አዜላይክ አሲድ ነው። በእርግዝና ጊዜ ያለ ስጋት ከምናዛቸው አንዱ ከመሆኑም በላይ ብጉሩ ትቶት የሚሄደውን ጥቁር ነጠብጣብም ያደበዝዛል። የሽምብራ ፍሬ የምታህል ብቻ ወስደው አገጭና መንጋጋዎን በሙሉ በስሱ ይቀቡ፤ በእያንዳንዱ ብጉር ላይ መለጠፍ አይጠቅምም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ሊያቃጥልዎት ስለሚችል አንድ ቀን እየዘለሉ ይጀምሩ። ሌላው አማራጭ 2.5 ወይም 5 በመቶ ቤንዞይል ፐሮክሳይድ ነው፤ ወደ ሰውነት የሚገባው ጥቂት ብቻ ነው። እሱ ግን ስለሚያደርቅ ወደ ጉንጭዎ አያስጠጉት፤ ባለቀለም ፎጣና የትራስ ልብስ ስለሚያነጣም ነጭ ይጠቀሙ። ብጉሩ መግል ከያዘ ወይም ከበዛ ሐኪምዎ የሚቀባ ክሊንዳማይሲን ከዚሁ ጋር ሊያዝልዎት ይችላል፤ ጀርሞቹ መድኃኒቱን እንዳይለማመዱት አንቲባዮቲኩን ለብቻው አንሰጥም። 2 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበት የፊት ማጠቢያ አያሳስብም፤ በከፍተኛ መጠን ቆዳ ለመላጥ የሚቀባው ግን ይቅር።

ዶክሲሳይክሊን፣ ቴትራሳይክሊንና ሚኖሳይክሊን የተባሉትን የአንቲባዮቲክ እንክብሎች ቤት ውስጥ ቢያገኟቸውም አይንኩ። ከአራተኛው ወር ወዲህ የሕፃኑን ጥርስ ቀለም ያበላሻሉ፣ በአጥንት እድገቱም ላይ ተጽዕኖ ያሳድራሉ።

ትዕግሥት ያስፈልግዎታል። ለውጥ የሚታየው ከስድስት እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ ሌላ መቀየር ቆዳውን ያስቆጣዋል። ብጉሩን አያፍርጡት፤ ጥፍር የነካው ብጉር ጠባሳ ይተዋል፣ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ደግሞ ጥቁር ምልክቱ ለወራት ይቆያል። ቀን ሲወጡ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት፣ መከላከያ መጠኑ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ክሬም ይቀቡ፤ በእርግዝና የሚመጣውን ማድያት ለመግታት ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

ስለ ደረቅ ቆዳ ከተነሣ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሆድና እግር በድርቀት መጠነኛ ቢያሳክክ የተለመደ ነው። ነገር ግን ምንም ሽፍታ ሳይኖር መዳፍዎንና የእግርዎን ውስጥ፣ በተለይ ሌሊት ሌሊት፣ አጥብቆ ቢያሳክክዎ ድርቀት ነው ብለው ቅባት እየቀቡ አይቆዩ። ይህ በአብዛኛው በመጨረሻዎቹ ወራት የሚከሰት፣ ሐሞት በጉበት ውስጥ የሚታገድበት ሕመም ሊሆን ይችላል። የሐሞት አሲድ በደም ውስጥ በጣም ከፍ ሲል ሕፃኑ በማሕፀን ሳለ ሊሞት ስለሚችል በፍጥነት የደም ምርመራ ይፈልጋል። ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ከወጣብዎት ወይም ከሽፍታ ጋር ትኩሳት ካለዎትም ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ።

ከወለዱ በኋላ ሆርሞኑ ሲረጋጋ ብጉሩ በአብዛኛው ይቀንሳል። እስከዚያው ጡት እያጠቡም አዜላይክ አሲድና ቤንዞይል ፐሮክሳይድ መቀጠል ይችላሉ፤ የሕፃኑ ፊት በሚያርፍበት በደረትዎና በጡትዎ ላይ ግን አይቀቡ፣ ልጁን ከማቀፍዎ በፊትም እጅዎን ይታጠቡ። አይሶትሬቲኖይን ቢያስፈልግዎ እንኳ ጡት ማጥባትዎን እስኪጨርሱ ይጠብቃል።