በኪሎ ጨርቅ የሚፈጀው ውሃ በየወሩ ለምን ይለያያል?

ጥያቄ፦ በአንድ ጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ የምርት ኃላፊ ነኝ። በጥር ወር በኪሎ ጨርቅ 90 ሊትር ውሃ መጠቀማችንን ለውጭ አገር ገዢያችን አሳውቀን ነበር፤ በየካቲት ግን 140 ሊትር ሆነብን። ማሽንም ሆነ የአቀላለም ዘዴ አልቀየርንም። ምን ብለን እንመልስ?

መልስ፦ የላኩልኝ መዝገብ ለጥር 2,700 ሜትር ኩብ ውሃና 30,000 ኪሎ ጨርቅ፣ ለየካቲት ደግሞ 2,800 ሜትር ኩብና 20,000 ኪሎ ያሳያል። ምርቱ በሲሶ ቀንሶ ውሃው ጭራሽ መጨመሩ፣ ወይ ውሃውና ጨርቁ የአንድ ወቅት አለመሆናቸውን፣ ወይ ከቆጣሪው ያለፈው ውሃ ሁሉ ማቅለሚያው ዘንድ አለመድረሱን ያመለክታል።

እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው የመጀመሪያውን ነው። የውሃ ሂሳቡ የሚመጣው በእኛ አቆጣጠር ሲሆን የምርት ሪፖርቱ ግን ለገዢው ሲባል በጎርጎርዮሳዊው ይዘጋል። ጥር 1 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 9 ላይ ስለሚውል፣ በጃንዋሪ የመጀመሪያ ስምንት ቀናት የተቀለመው ጨርቅ ከጥር ምርት ጋር ተደምሮ ውሃው በታኅሣሥ ሂሳብ ላይ ይቀራል፤ በእነዚያ ቀናት ትልቅ ትዕዛዝ ከነበረ፣ ሐሰተኛው ቁጥር 140 ሳይሆን 90 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የምርት መዝገቡ በሚዘጋበት ዕለትና ሰዓት ቆጣሪውን ራስዎ ያንብቡ እንጂ በሂሳብ ደረሰኙ አይሥሩ።

ቀጥሎም ፋብሪካው ሥራ ሲያቆም ቅዳሜ ማታ፣ ከዚያም ሰኞ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ቆጣሪውን ያንብቡ። ቀደም ሲል በሠራሁበት አንድ ፋብሪካ ማሽኖቹ ሁሉ ቆመው ሳለ የቆጣሪው ትንሿ ቀይ መርፌ ሳታቋርጥ ስትዞር አገኘናት፤ የውሃ ማለስለሻው ቫልቭ በደንብ ባለመዘጋቱ ንጹሕ ውሃ ቀንና ሌሊት ወደ ፍሳሽ መስመር ይወርድ ነበር። ካፊቴሪያውና መጸዳጃ ቤቱም የራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው መልካም ነው።

በድጋሚ የተቀለመ ጨርቅ ክብደቱ አንድ ጊዜ፣ ውሃው ግን ሁለት ጊዜ ይቆጠር። ክብደቱን እንደ አዲስ ምርት የሚደምሩ አሉ፤ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ብዙ ጨርቅ የተበላሸበትን ወር ቆጣቢ አስመስሎ ያሳያልና።

ገዢው ቀጥሎ ስለ ካርቦን መጠየቁ ስለማይቀር የውሃው ልኬት ለዚያም ይጠቅማል። አገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውሃ ኃይል ስለምታመነጭ፣ የእናንተ ዋነኛ ጭስ ከቦይለሩ የሚወጣው ሳይሆን አይቀርም። ቦይለሩ ናፍታ የሚያቃጥልና ከሙቀቱ 80 በመቶውን ለውሃው የሚያደርስ ቢሆን፣ 1 ሜትር ኩብ ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 6 ሊትር ገደማ ናፍታ ይፈጃል፤ ይህም 16 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሲያሰሉም የተገዛውን ሳይሆን ከታንከሩ የጎደለውን ናፍታ ይውሰዱ።

ለገዢው ደግሞ የሁለቱ ወራት ቁጥሮች ቀናቸው ባልተጣጣመ መዝገብ ላይ የተመሠረቱ መሆናቸውን በግልጽ ጽፋችሁ፣ በአዲሱ አለካክ የተሰበሰበ የሦስት ወር ውጤት የምትልኩበትን ቀን አሳውቁት።