ኬብሉን የሠራሁት እኔ አይደለሁም፤ ለምን እኔን ይጠይቁኛል?

ጥያቄ፦ የተከበሩ ጠበቃ፣ በሰሜን ቨርጂኒያ ስተርሊንግ አካባቢ አነስተኛ ድርጅት አለኝ። ለዳታ ሴንተር ኮንትራክተሮች ኬብል አቀርባለሁ። ተራ የኢንተርኔት ገመድ አይደለም። ሰርቨርን ከስዊች (መረጃ ከሚያከፋፍለው መሣሪያ) የሚያገናኝ፣ በሁለቱም ጫፍ ቺፕ ያለው፣ ባለ 800 ጊጋቢት የመዳብ ኬብል ነው። ከሸንዘን ፋብሪካ በቀጥታ አስመጣለሁ። በቅርቡ ከአንድ የጥብቅና ቢሮ ደብዳቤ ደረሰኝ። ደንበኛቸው በዚህ ኬብል አሠራር ላይ ሁለት ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አለው፤ ሽያጩን አቁም፣ እስከ ዛሬ ለሸጥከውም ከኬብሉ ሙሉ ዋጋ ላይ በመቶኛ ክፈል ይላል። እኔ ኬብሉን አልሠራሁትም። ስለ ፓተንቱም አላውቅም ነበር። ፋብሪካውን በዋትሳፕ ስጠይቀው “ችግር የለም፣ አትጨነቅ” አለኝ። መጋዘን ውስጥ ያልተሸጠ ዕቃ አለኝ። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ደግሞ “ወደዚህ ላከው፣ እኔ እሸጠዋለሁ” ይለኛል። ምን ላድርግ?
ም. ከስተርሊንግ

መልስ፦ ወንድሜ፣ መራራውን በመጀመሪያ ልንገርዎትና እንገላገል። “እኔ አልሠራሁትም” የሚለው መልስ በአሜሪካ የፓተንት ሕግ አያስጥልም። ሕጉ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መሥራትን፣ መጠቀምን፣ ለሽያጭ ማቅረብን፣ መሸጥንና ወደ አሜሪካ ማስገባትን እያንዳንዱን ለብቻው ጥሰት ይለዋል። ኬብሉ በእርግጥ ፓተንቱ ውስጥ የሚወድቅ ከሆነ፣ እርስዎ የመጨረሻዎቹን ሦስቱን አድርገዋል። “አላወቅሁም” ማለትም በዚህ ደረጃ አያድንም።

ወደ እርስዎ የመጡበት ምክንያትም ግልጽ ነው። የአሜሪካ ፓተንት ሸንዘን ውስጥ የሚደረገውን ምርት አይነካም። ዕቃው እዚህ ሲገባ ግን አስመጪ ተብሎ ሰነዱ ላይ የሚገኘው ስም የእርስዎ ነው። ፋብሪካው ሩቅ ነው፤ እርስዎ ስተርሊንግ ነዎት።

ይህን ያልኩት ይክፈሉ ለማለት አይደለም። ደብዳቤውንም ፓተንቶቹንም ስላላየሁ ኬብሉ ጥሷል ወይም አልጣሰም ልልዎት አልችልም። ጸሐፊዎቹም ስለጻፉት ብቻ እውነት አይሆንም።

አሁን ዋናው ነገር ደብዳቤው የደረሰዎት ቀን ነው። ከዚያ ቀን በፊት አያውቁም ነበር። ከዚያ በኋላ ያውቃሉ። ይህ ልዩነት በገንዘብ የሚተረጎም ነው፤ ምክንያቱም ጥሰቱ ሆን ተብሎ የተደረገ ከሆነ ዳኛው ካሳውን እስከ ሦስት እጥፍ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። እዚህ ላይ ከእርስዎ ጉዳይ ብዙም የማይርቅ ክርክር አለ። ሃሎ ኤሌክትሮኒክስ የሚባል ኩባንያ እንደ ራውተር ባሉ የኢንተርኔት መሣሪያዎች ሰሌዳ ላይ የሚገጠሙ ትንንሽ የትራንስፎርመር እሽጎች ላይ ፓተንት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2002 ለተወዳዳሪው ለፐልስ ኤሌክትሮኒክስ ሁለት ደብዳቤ ጻፈ፤ ፈቃድ ግዙኝ አለ። ፐልስ ውስጥ አንድ ኢንጂነር ፓተንቶቹን አየና “ዋጋ የላቸውም” አለ። ኩባንያው በዚያው ሽያጩን ቀጠለ። ሃሎ በ2007 ከሰሰ፤ ጁሪውም 1.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረደለት።

ካሳው ከፍ ይበል ወይስ አይበል የሚለው ጥያቄ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር፣ ተከሳሹ ሲሸጥ ምንም ያስብ ምን፣ ጠበቃው በኋላ ችሎት ላይ አሳማኝ መከራከሪያ ካመጣለት ከጭማሪው ያመልጥ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2016 ይህን በአንድ ድምፅ ሻረው። የሚታየው ሰውዬው በሚሸጥበት ሰዓት የሚያውቀው ነገር ነው አለ። እርግጥ ነው፣ ደብዳቤ የደረሰው ሁሉ ሦስት እጥፍ ይከፍላል ማለት አይደለም፤ ጭማሪው ለከፋ ድርጊት የተተወ ነው። ግን ፋብሪካው “አትጨነቅ” ስላለዎት ብቻ ከዛሬ በኋላ መሸጥዎን ከቀጠሉ፣ ያ የዋትሳፕ መልእክት አንድ ቀን ችሎት ላይ ተነቦ ሊሰሙት ይችላሉ። መልእክቶቹን እንዳያጠፉ ግን። ማጥፋቱ የባሰ ነው። ኢሜይሉን፣ ደረሰኙን፣ ሁሉንም እንዳለ ያስቀምጡ። ከዛሬ ጀምሮ ስለዚህ ጉዳይ ከፋብሪካውም ከወንድምዎም ጋር አስተያየት መጻፉን ያቁሙ።

ታዲያ ጠበቃ ይያዙ። የፓተንት ጠበቃ፤ ቤት ሲገዙ የረዳዎት አይደለም። ለራሴ ገበያ እያመቻቸሁ እንዳይመስልዎት፣ የሚቃረነኝንም ልንገርዎ፦ ጠበቃ አለማማከርዎ ሆን ብለው ለመጣስዎ ማስረጃ ተደርጎ እንዳይቀርብ ሕጉ በግልጽ ከልክሏል። ሆኖም በጊዜው በጽሑፍ የተሰጠ የባለሙያ አስተያየት እጅዎ ላይ ካለ፣ በቅን ልቦና እንደሠሩ የሚያሳይ ከዚያ የተሻለ ወረቀት የለም።

ጠበቃው የመጀመሪያ ሥራው ፓተንቱን ማንበብ ነው። እርስዎም ቁጥሩን ይዘው በአሜሪካ ፓተንት ቢሮ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ያገኙታል። ሥዕሎቹና ረጅሙ ማብራሪያ አያስደንግጥዎት። መብቱ የሚለካው መጨረሻ ላይ በቁጥር በተደረደሩት ክሌሞች፣ ማለትም ባለቤቱ “የእኔ ነው” በሚላቸው ነጥቦች ነው። በአንድ ክሌም ውስጥ የተጠቀሰው እያንዳንዱ ነገር በእርስዎ ኬብል ላይ መገኘት አለበት። አምስት ነገር ጠቅሶ ኬብልዎ ላይ አራቱ ብቻ ካሉ፣ በአብዛኛው ጥሰት የለም። ኬብሎቹ በመልክም በፍጥነትም መንታ ቢመስሉ ለውጥ የለውም።

ይህ በእርስዎ ዕቃ ላይ ባዶ ቃል አይደለም። 800 ጊጋቢት የሚገኘው 100 ጊጋቢት የሚሸከሙ ስምንት መስመሮች ተደምረው ነው። በዚህ ፍጥነት መዳብ ምልክቱን ቶሎ ያደክመዋል። በ2022 የጸደቀው የአይትሪፕልኢ (የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር) ደረጃ ቺፕ ለሌለው የመዳብ ኬብል ያቀደው ርቀት 2 ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በላይ ለመሄድና ገመዱን ለማቅጠን ጫፎቹ ላይ ምልክቱን አንብቦ እንደ አዲስ አድርጎ የሚልክ ቺፕ ይገባል። ይህን ማድረጊያው መንገድ ደግሞ አንድ አይደለም። ክሌሙ አንዱን መንገድ ይዞ ከሆነና የእርስዎ ቺፕ በሌላው የሚሠራ ከሆነ፣ ጉዳዩ እዚያው ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ፋብሪካውን የቺፑን አምራች ስም፣ የሞዴሉን ቁጥርና የቴክኒክ ሰነዱን ይጠይቁት።

ስሙን ከያዙ በኋላ ሌላም በር አለ። ቺፑን የሠራው ራሱ የፓተንቱ ባለቤት ወይም ከእሱ ፈቃድ የገዛ ኩባንያ ቢሆንስ? የፓተንት ባለቤት ዕቃውን አንድ ጊዜ ከሸጠ ወይም እንዲሸጥ ከፈቀደ፣ በዚያ ዕቃ ላይ የፓተንት መብቱ ያከትማል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2017 በፕሪንተር አምራቹ በሌክስማርክ የቀለም ካርትሪጅ ክርክር ላይ፣ ሽያጩ ከአሜሪካ ውጭ ቢሆንም ያው ነው ብሏል። የፓተንቱ ዋና ነገር ቺፑ ውስጥ ካለና ቺፑ በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ከሆነ፣ ከኬብሉ ላይ ሁለተኛ ጊዜ ማስከፈል ይከብዳቸዋል። የቺፑ ግዢ ደረሰኝ ቅጂ ይኑርዎት።

ፓተንቶቹ በሕይወት መኖራቸውንም ያረጋግጡ። ከተሰጡ በኋላ በሦስት ዓመት ተኩል፣ በሰባት ዓመት ተኩልና በአሥራ አንድ ዓመት ተኩል የማቆያ ክፍያ አላቸው። ያልተከፈለበት ይሞታል።

ወደ ፋብሪካው ልመለስ። ጥፋቱ የእሱ ነው የሚለው ስሜትዎ በሕግም መሠረት አለው። እርስዎን ከፓተንት ባለቤቱ ባያድንም፣ የከፈሉትን ከፋብሪካው ለመጠየቅ ይረዳዎታል። በቨርጂኒያ የንግድ ሕግ፣ ነጋዴ የሚሸጠው ዕቃ ከሌላ ሰው የፓተንት ጥያቄ ነፃ ነው ብሎ ዋስትና እንደሰጠ ይቆጠራል። ግን ይህን ብቻ ይዞ መሄድ አያዋጣም። አሜሪካም ቻይናም የዓለም አቀፍ ዕቃ ሽያጭ ስምምነት አባል ናቸው። ውላችሁ በግልጽ ካላስቀረው በስተቀር የሚገዛችሁ ያ ስምምነት ነው። በእሱ አንቀጽ 42 መሠረት ሻጩ የሚጠየቀው ውሉ ሲፈረም ስለ ጥያቄው ካወቀ ወይም ሳያውቅ ሊቀር የማይችል ከሆነ ነው። እርስዎ ደግሞ ነገሩን ካወቁ በኋላ በተገቢ ጊዜ ውስጥ፣ የጥያቄውን ዓይነት ገልጸው ካላስታወቁት መብትዎን ሊያጡ ይችላሉ። ዋትሳፕ ላይ “ምን ይሻላል?” ማለት ማስታወቂያ ነው ብዬ አልተማመንም። የደብዳቤውን ቅጂ አያይዘው፣ የፓተንቶቹን ቁጥር ጠቅሰው፣ ክርክሩን እንዲረከብና ወጪዎን እንዲሸፍን የሚጠይቅ መደበኛ ማስታወቂያ በዚህ ሳምንት ይላኩ። ጽሑፉን ጠበቃዎ ያየው።

እውነቱን ለመናገር፣ አሜሪካ ያገኙትን ፍርድ ሸንዘን ወስዶ ማስፈጸም አድካሚ ነው። ለፋብሪካው ገና ያልከፈሉት ቀሪ ሂሳብ ካለ ትልቁ ጉልበትዎ እሱ ነው። ከጠበቃዎ ጋር ሳይነጋገሩ አይልቀቁት። ከደንበኞችዎ ጋር የፈረሟቸውን የግዢ ትዕዛዞችም ያውጡና ያንብቡ፤ እርስዎ ከፋብሪካው የሚፈልጉትን ዋስትና ለኮንትራክተሮቹ ሳያስተውሉ ሰጥተው ሊሆን ይችላል። የንግድ ኢንሹራንስዎ የፓተንት ጉዳይን ማግለሉ የተለመደ ነው፤ ቢሆንም ለኩባንያው ያሳውቁ።

የወንድምዎ ሐሳብ ደግሞ ግማሹ ያስኬዳል። ስተርሊንግ መጋዘን ያለው ዕቃ አሜሪካ ገብቷል። ማስገባቱ ራሱ የተጠየቁበት ነገር ስለሆነ ወደ አዲስ አበባ መላኩ አይሽረውም። እንዲያውም ከቨርጂኒያ ሆነው መሸጥ ሌላ ሽያጭ ይጨምርብዎታል። ያ ዕቃ ባለበት ይቀመጥ። ከሸንዘን በጅቡቲ በኩል በቀጥታ አዲስ አበባ የሚገባ አዲስ ዕቃ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያው በሃሎ ክርክር የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ የዋጋ ድርድሩ አሜሪካ ቢደረግም እስያ ተሠርቶ እስያ የተረከበውን ዕቃ አሜሪካ ውስጥ እንደተሸጠ አልቆጠረውም። ውሉም ደረሰኙም ገንዘቡም ቨርጂኒያ ካለ ግን ነገሩ ይደፈርሳል። ወንድምዎ በራሱ የንግድ ፈቃድ፣ በራሱ ስም ከፋብሪካው ጋር ይዋዋል። የአሜሪካ ፓተንት ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም። እዚያ የሚሠራው በአዋጅ ቁጥር 123/1987 (እ.ኤ.አ. 1995) መሠረት የተሰጠ ፓተንት ነው። ለዚህ ቴክኖሎጂ ተሰጥቶ እንደሆነ ከኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይጠይቅ።

የጠየቁዎት ገንዘብ ላይ ሁለት ቅሬታ አለኝ። አንደኛው “እስከ ዛሬ ለሸጥከው” የሚለው ነው። ካሳ ከስድስት ዓመት ወደ ኋላ አይሄድም። ባለቤቱ ራሱ ኬብሉን የሚሸጥ ከሆነና ዕቃው ላይ የፓተንት ምልክት ካላደረገ ደግሞ፣ ለእንዲህ ዓይነት ዕቃ ካሳ መቁጠር የሚጀምረው እርስዎ ማስታወቂያ ከደረሰዎት በኋላ ነው። ያለፈው ሽያጭዎ በሙሉ ከሂሳብ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። ሁለተኛው የኬብሉን ሙሉ ዋጋ መነሻ ማድረጋቸው ነው። ሽቦውን፣ ሽፋኑን፣ ማገናኛውን እነሱ አልፈጠሩም። ኢኖቬሽዮ የተባለ ኩባንያ ዋይፋይ ለሚጠቀሙ ካፌዎችና ሆቴሎች ሳይቀር ደብዳቤ ሲበትን፣ እንደ ሲስኮ ያሉ የኔትወርክ መሣሪያ አምራቾች ገብተው ተከራከሩት። የኢሊኖይ ፌዴራል ዳኛ በ2013 የወሰነው በአንድ ቺፕ 9.56 ሳንቲም ነው። እነዚያ ፓተንቶች ከዋይፋይ ደረጃ ጋር የተያያዙና በተመጣጣኝ ዋጋ ለመፍቀድ ቃል የተገባባቸው ስለነበሩ ስሌቱ በቀጥታ አይገለበጥም። የስሌቱ መነሻ ቺፑ መሆኑን ግን ልብ ይበሉ።

ቢከሱዎትስ? የአልክሳንድሪያው ፌዴራል ፍርድ ቤት በፍጥነቱ የታወቀ ነው። ክሱ በደረሰዎት በ21 ቀን ውስጥ መልስ ይጠበቅብዎታል፤ ድርጅት ደግሞ ያለ ጠበቃ መቅረብ አይችልም። ፓተንቱን በፓተንት ቢሮ ለማስሰረዝ ክሱ ከደረሰ አንድ ዓመት አለ። ወጪው ግን ለእርስዎ አቅም ስለማይሆን ፋብሪካው ወይም ቺፕ አምራቹ ቢያደርገው ይሻላል። ሌላው መንገዳቸው የአሜሪካ የዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽን ነው፤ ገንዘብ አይፈርድም፣ ዕቃውን ግን ጉምሩክ ላይ ያስቆማል። ሲስኮ ተወዳዳሪውን አሪስታን በዚያ መንገድ ይዞት፣ አሪስታ በ2018 በ400 ሚሊዮን ዶላር ነው የታረቀው። ስለዚህ የፈቃድ ክፍያው መጠነኛ ሆኖ ከተገኘ መስማማትን እንደ ሽንፈት አይዩት።

አንድ ነገር ቀረ። ቨርጂኒያ ከ2014 ጀምሮ በክፉ ልቦና የሚላኩ የፓተንት ማስፈራሪያዎችን የሚከለክል ሕግ አላት። ደብዳቤው የፓተንቱን ቁጥር፣ የባለቤቱን ስምና አድራሻ፣ ኬብልዎ እንዴት እንደጣሰ የሚያስረዳ ነገር ከሌለው፣ ጠበቃዎ ጉዳዩን ወደ ግዛቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ሊወስደው ይችላል። እነዚህ ሁሉ ካሉት ደግሞ ደብዳቤው የሰጠዎት ቀነ ገደብ ሳያልፍ በጠበቃዎ በኩል አጭር መልስ ይሂድ፦ ደርሶናል፣ እያጣራን ነው፣ እያንዳንዱን ክሌም ከኬብሉ ጋር ያነጻጸራችሁበትን ሠንጠረዥ ላኩልን። ስለ ሽያጭዎ ብዛትና ስለ ደንበኞችዎ አንድም ቃል አይጨመርበት።