ውኃው ሲሸሽ የሚናድ ጉብታ

ጥያቄ፦ ፎገራ ውስጥ፣ ከርብ ወንዝ ብዙ በማይርቅ ሜዳ ላይ አንድ ሜትር ያህል አፈር አስከምሬ ጭቃ ቤት ሠርቻለሁ። አፈሩ የወጣው እዚያው ጉብታው ሥር ካስቆፈርኩት ቦይ ነው። ክረምቱን ውኃው ቤቱን ሳይነካ አለፈ። መስከረም ላይ ሜዳው ሲጠፍ ግን ጠርዙ ተንሸራቶ ቦዩ ውስጥ ገባ፣ የቤቱም አንድ ማዕዘን ተሰነጠቀ። አፈር ልጨምርበት?

መልስ፦ እባክዎ በተናደው ላይ አፈር አይድፉበት። አዲሱ አፈር በለሰለሰው ላይ ተቀምጦ በሚቀጥለው ዓመት ይዞት ይወርዳል።

ውኃው ዙሪያውን በቆመበት ጊዜ ጉብታው ቢርስም ውኃው ራሱ ጎኑን ከውጭ ደግፎ ይይዘዋል። ሜዳው በጥቂት ቀን ሲጠፍ ድጋፉ ይሄዳል፤ ውስጥ የገባው ውኃ ግን ከጥቁር አፈር ቶሎ አይወጣም። አፈሩ ከብዶና ላልቶ ሳለ ጎኑ እንደ ግድግዳ የቆመ ከሆነ፣ እግሩ ሥርም ቦይ ካለ፣ የሚሄድበት ተዘጋጅቶለታል ማለት ነው። ጥቁር አፈር ደግሞ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ የመጀመሪያው ዝናብ በዚያ ስንጥቅ እስከ መሐል ይዘልቃል።

በሰሜን ሆላንድና ጀርመን ዳርቻ የኖሩ ፍሪዝያውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ600 ዓመት ገደማ ጀምሮ የባሕሩን ማዕበል በእንዲህ ያለ ጉብታ ላይ ተቀምጠው ተቋቁመዋል። ሄገበይንቱም የሚባለው ከባሕር ወለል 8.8 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከነሥሩ የተቆረጠ ሣር፣ ሸክላ አፈርና የከብት ፍግ እየደራረቡ በብዙ ትውልድ ነው ያሳደጉት። ከእነሱ የምንወስደው በንብርብር መሥራትንና ጎኑን በሣር ማሰርን ነው። ፍጉን ይተዉት፤ ሲበሰብስ ጉብታውን ያሰምጠዋል፣ እነሱም ደጋግመው ከፍ ያደርጉት ነበር።

ከቤቱ ይጀምሩ። በተሰነጠቀው ማዕዘን በኩል ጣሪያውን በሁለት ጠንካራ ባላ ይደግፉ። ስንጥቁን አቋርጦ ጣት የሚያህል ጄሶ ይለጥፉና ቀኑን ይጻፉበት። በአንድ ወር ውስጥ ጄሶው ከተሰነጠቀ ጉብታው ገና እየሄደ ነውና ግድግዳውን ለመጠገን አይቸኩሉ።

ቀጥሎ ቦዩ ይደፈን። ይህን ሳያደርጉ የሚሠራ ሥራ ሁሉ ከንቱ ልፋት ነው። ውስጡ ያለውን ጭቃ አውጥተው በሌላ አፈር በንብርብር እየጠቀጠቁ ይሙሉት። ከእንግዲህ አፈር ሲያስፈልግ ከጉብታው እግር ቢያንስ 10 ሜትር ርቀው ያውጡ፤ ጉድጓዱንም ለሕፃናት ሲባል በአጥር ይከልሉት።

ለጎኑ ቀይ አፈር ወይም ገረጋንቲ ያስመጡ። ለመፈተን ርዝመቱ 60፣ ስፋቱና ጥልቀቱ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ሣጥን ውስጥ የላቆጡትን አፈር ሞልተው አምስት ቀን ያድርቁት። ከጫፉ ከ3 ሳንቲ በላይ ከሸሸ ይተዉት።

የተናደውን ጠርገው ካወጡ በኋላ ነባሩን ጎን 30 ሳንቲ ከፍታ ባለው ደረጃ ይቁረጡት፤ አዲሱ አፈር የሚያያዘው በደረጃው ነው። 15 ሳንቲ እየዘረጉ 10 ኪሎ በሚሆን መጠቅጠቂያ ይምቱ። እርጥበቱን በእጅ ይለኩ፦ ጨብጠውት ድቡልቡል ሆኖ ከቆየና ከወገብ ከፍታ ሲለቁት ጥቂት ቦታ ከተሰበረ ልክ ነው። ዱቄት ከሆነ ውኃ ይርጩ፤ መዳፍ ላይ ከተጣበቀ አንድ ቀን ያናፍሱት። በደረቁ የተጠቀጠቀ አፈር ሲሠራ ጠንካራ ይመስላል፣ ዝናብ ሲያገኘው ግን ይቀመጣል፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ጎኑ ለአንድ ሜትር ከፍታ ሦስት ሜትር ይዘርጋ። ከግድግዳው እስከ ጠርዙ በዙሪያው 2 ሜትር ይተዉ። ቤትዎ 5 በ7 ከሆነ አናቱ 9 በ11፣ እግሩ 15 በ17 ይሆናል። ይህ የተጠቀጠቀ 170 ሜትር ኩብ አፈር ነው፤ ሲጫን ስለሚላላ ወደ 220 ይደርሳል፣ ማለትም 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ 14 ምልልስ። ያለዎት ጉብታ ከዚህ የተወሰነውን ይቀንስልዎታል። ቤቱ ሥር ያለውን ጥቁር አፈር አይንኩት፤ ከላይ 40 ሳንቲ ቀይ አፈር ከለበሰ እርጥበቱ ቶሎ ቶሎ አይለዋወጥም።

አናቱ ከግድግዳው ወደ ውጭ በየሜትሩ 4 ሳንቲ ይዘቅዝቅ። ቆርቆሮው አሸንዳ ይግባለት፤ ከጣሪያ የሚወርደው ውኃ ጠርዙን እየፈነቀለ ከጎርፍ ያላነሰ ይጎዳል። ለከብት አንድ መውጫ ብቻ፣ ድንጋይ የተነጠፈበት፣ ለአንድ ሜትር ከፍታ ስድስት ሜትር የሚረዝም ይሥሩ። በየቦታው ከወጡ ኮቴያቸው ሣሩን ይቆርጠዋል። ባሕር ዛፍ ጉብታው ላይ አይትከሉ።

የአፈሩ ሥራ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ይለቅ። ሰርዶውን በሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ 20 ሳንቲ እያራራቁ ይትከሉ፣ እግሩን ዙሪያ ደግሞ ቬቲቨር የተባለውን ሥረ ጥልቅ ሣር። ከፍታውንም በዚያው ያረጋግጡ፦ አሮጌ ዛፍ ላይ ያለውን ከፍተኛውን የጎርፍ ምልክት በቱቦ ውኃ ልክ (ውኃ በተሞላ ግልጽ ቱቦ) ወደ ጉብታው ያምጡትና አናቱ ከዚያ 50 ሳንቲ መብለጡን ይዩ።

በመጪው መስከረም ውኃው መሸሽ ሲጀምር በየቀኑ ጠርዙን ዞረው ይመልከቱ። ከጠርዙ ጋር ትይዩ የሆነ ቀጭን ስንጥቅ ካዩ ዝናብ እንዳይገባበት ዕለቱን በላስቲክ ይሸፍኑት፤ ሲደርቅ ከፍተው በእርጥብ ቀይ አፈር ይጠቅጥቁት።