ሌሊት የተጋገረ ዳቦ

ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ዘወትር አነባለሁ። ዛሬ ግን ትዕግሥቴ አልቆ ነው የጻፍኩት።

የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የአራተኛ ክፍል ወንድ ልጅና የሁለተኛ ክፍል ሴት ልጅ አሉኝ። ልጄ ክፍልፋይ አልገባው ሲል ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ዳቦና ኬክ መጋገር ጀመርን። እሱ ግማሽ፣ ሲሶ፣ ሩብ እያለ በሲኒ ይለካል። እህቱ ሰዓት ትይዛለች። ደስ ብሏቸው ነው የሚሠሩት።

ችግሩ አማቴ ናቸው። ከሐረር መጥተው አብረውን መኖር ከጀመሩ ስምንት ወራቸው ነው። «ፉርኖ ዱቄት በዚህ ዋጋ መጫወቻ ሆነ?» ይላሉ። «ወንድ ልጅ ሊጥ አስያዝሽው» ይላሉ። «ትምህርት ያለው ደብተር ላይ ነው» ይላሉ። ጎረቤት ለቡና ሲመጣም ወሬው ይኸው ነው። ባለቤቴ ዝም ይላል። የእሱ ዝምታ ከእሳቸው ንግግር ይብስብኛል።

ደግሞ አላባክንም! ባለፈው የኬኩን መጠን በግማሽ ስንቀንስ፣ ልጄ የሦስት አራተኛ ሲኒ ስኳር ግማሽ ሦስት ሁለተኛ ነው ብሎ አንድ ሲኒ ተኩል ለካ። ዞር ሲል ቀንሼ አስተካከልኩት። ሊጡ ሁለት ሰዓት ይቀመጥ የሚለውን ከስልክ ላይ አይተን ስናስቀምጠው ኩፍ ብሎ ይወርድብናል። ያኔም እንዳያዝኑ «ነገ ይጋገራል» ብዬ አስተኛቸውና ሌሊት ሌላ አቡክቼ እጋግራለሁ። ጠዋት የሚያዩት ያማረውን ነው። የወረደውን ቂጣ አድርጌው እኔና አባታቸው እንበላዋለን። ታዲያ ብክነቱ የቱ ላይ ነው?

አማቴን ምን ብዬ ልመልስላቸው? እንዲያው ልጨምርና፣ ባለፈው ሳምንት አንሶላ ስቀይር ከልጄ ፍራሽ ስር የሒሳብ ፈተና ወረቀት አገኘሁ። ከ20 6 ነው ያገኘው። ከተፈተነ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ምንም እንዳላየ ሰው መልሼ አስቀመጥኩት። በመጋገሩ እያዘናጋሁት ይሆን? ልተወው?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከሳቢያን

እህቴ፣

አማትሽን ለጊዜው እናቆያቸው። ደብዳቤሽን ሳነብ የደነገጥኩት ሌሊት በምትጋግሪው ዳቦ ነው። አንቺ ግን ለክርክር ያህል ጠቅሰሽው አለፍሽ።

እስቲ አስቢው። ልጅሽ ማታ የወረደ ሊጥ ትቶ ይተኛል። ጠዋት ያማረ ዳቦ ያገኛል። በመሀል ምን እንደሆነ አያውቅም። ልጅ ግን ሞኝ አይደለም። በዚህ ቤት የተበላሸ ነገር ሰው ሳያየው እንደሚወገድ ገብቶታል። ታዲያ 6 ያገኘበትን ወረቀት የት ያድርገው? አንቺ የምታደርጊውን አደረገ።

እኔ ሒሳብ ያስተማርኩት ሃያ ሁለት ዓመት ነው። ደብተሩ ላይ አንድም ስርዝ የሌለበት ልጅ ሳይ እሰጋ ነበር። ያቺ አንድ ሲኒ ተኩል ስኳር ወርቅ ነበረች! ሙሉው ሦስት አራተኛ፣ ግማሹ አንድ ተኩል። ግማሽ እንዴት ከሙሉው ይበልጣል? ሁለቱን በሁለት ሳህን ጎን ለጎን አድርገሽ ዝም ብትዪ ራሱ ይጮህ ነበር። ልጁ ታህቱን፣ ማለትም የታችኛውን ቁጥር አራትን፣ ለሁለት አካፍሎ ነው የሳተው። ታህት ሲያንስ ቁራሹ ይተልቃል። ትክክለኛው መልስ፣ ሦስት ስምንተኛ፣ ላይ ራሱ እየተደናበረ ይድረስ። ስኳሩ እንደሆነ ወደ ዕቃው ይመለሳል።

ሊጡም እንደዚያው ነው። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ሊጡ ውስጥ ያለውን ስኳር እየበላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ሊጡን የሚነፋው እሱ ነው። ሲሞቀው ይፈጥናል። ጊዜው ካለፈ ሊጡ አየሩን መያዝ ያቅተውና ይወርዳል። ስልኩ ላይ ያለችው ሴት በየትኛው አገር ብርድ እንደምታቦካ እንጃ፤ የድሬ ግንቦት ግን ሁለት ሰዓት አይጠብቅም። ከአንድ ሊጥ ሁለት እኩል ድቡልቡል ቆርሰሽ በሁለት ብርጭቆ አድርጊ። አንዱ ጠረጴዛ ላይ ይሁን፣ አንዱ ፍሪጅ ውስጥ። ትንሿ በየ15 ደቂቃው ትጥራ፣ ወንድሙ የደረሰበትን በእስክሪብቶ ያስምር፣ ቁጥሩንም ደብተር ላይ ይጻፍ። «ትምህርት ያለው ደብተር ላይ ነው» ላሉትም መልስ ይሆናል።

አማትሽን ደግሞ ልጆቹ ይጠይቋቸው። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬ ግን 1,200 ገደማ። እዚያ ብርዱ ላይ ሲያቦኩ ኖረው እዚህ ሙቀት የወረዱ እናት፣ ሊጥ ቶሎ እንደሚደርስ እጃቸው ያውቀዋል። እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቃቸውም፤ ስለዚህ ስለ ዱቄት ዋጋ ያወራሉ። ስለ ወንድ ልጅና ሊጥ ያሉትን ግን በፍጹም አልቀበልም። በየዳቦ ቤቱ ሌሊቱን ሲያቦኩ የሚያድሩት እነማን ሆኑና? የባልሽ ዝምታ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል፤ ጻፊልኝ።

መጋገሩን እንዳትተዪ። የሌሊቱን ግን ከዛሬ ጀምሮ ተዪው። የወረደው ሊጥ እስከ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ይደር፤ ቂጣውንም አራታችሁም ከአያታቸው ጋር ብሉት።

ወረቀቱን አሁን አታውጪው። መጀመሪያ ልጅሽን አጠገብሽ አስቀምጪውና ሌሊት ስትጋግሪ እንደነበር ንገሪው። ስኳሩንም ዞር ሲል እንደቀነስሽ ንገሪው። ከዚያ ጠብቂው። ዛሬ ባያወጣው ነገ ያወጣዋል።