ከሌዘር በኋላ አገጬ ጠቆረ፤ ልቀጥል ወይስ ልተው?

ጥያቄ፦ የ28 ዓመት ሴትና የሐዋሳ ነዋሪ ነኝ። አገጬ ላይ የሚበቅለውን ፀጉር ለማስወገድ በአንድ የውበት ሳሎን ሌዘር ጀመርኩ። ከመጀመሪያው ቀጠሮ በኋላ ቆዳዬ ቀላ ብሎ በማግስቱ ተመለሰ፤ በሁለተኛው ግን ክፉኛ አቃጠለኝ፣ ከቀናት በኋላም የመሣሪያውን ጫፍ ቅርጽ የያዙ ጥቁር ምልክቶች ወጡብኝ። የምትሠራልኝ ልጅ «ይጠፋል፣ አታቋርጪ» ትለኛለች፤ ጓደኞቼ ደግሞ ሎሚ ቀቢበት ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ የቆዳ ሐኪም ሳያይዎትና ምልክቱ ሳይጠፋ ወደ ቀጣዩ ቀጠሮ እንዳይሄዱ አጥብቀን እንመክርዎታለን። በመጀመሪያው ጊዜ ያዩት መቅላት የሚጠበቅ ነው፤ ሁለተኛው ግን ቃጠሎ ነው። የሌዘር ጨረር የሚያነጣጥረው በፀጉሩ ውስጥ ባለው ሜላኒን በተባለው ቀለም ላይ ሲሆን፣ ቀለሙ ጨረሩን ውጦ ሲግል የፀጉሩን ሥር ይጎዳል። በእንደኛ ዓይነቱ ጠይም ቆዳ ላይ ግን ይኸው ቀለም በላይኛው የቆዳ ክፍልም በብዛት ስለሚገኝ፣ መሣሪያው ካልተመረጠና ኃይሉ ካልተመጠነ ቆዳው ራሱ ይቃጠላል፤ ውሃ ሊቋጥር፣ ሊጠቁር፣ አልፎ አልፎም ሊነጣ ወይም ጠባሳ ሊይዝ ይችላል። ለጠቆር ያለ ቆዳ ይበልጥ የሚመረጠው 1064 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ኤንዲ-ያግ ሌዘር ነው፤ 755 ናኖሜትር የሆነው አሌክሳንድራይት በእኛ ቆዳ ላይ የማቃጠል ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። የሚጠቀሙበትን የሌዘር ዓይነት መናገር የማይችሉ ሰዎች ፊትዎን ሊነኩ አይገባም።

ሎሚውን ፈጽሞ አይቀቡ፤ ጭማቂው የተጎዳውን ቆዳ ያስቆጣል፣ ፀሐይ ሲያገኘውም ይብሱን ያጠቁረዋል። ከሱቅ የሚገዙ ማቅያ ክሬሞችም ስቴሮይድ የተባለ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሊቀቡት የማይገባ መድኃኒት ሊኖራቸው ስለሚችል ቆዳን ያሳሳሉ፤ የሚያሳዝነው ደግሞ ሊያስወግዱት የፈለጉትን የፊት ፀጉር ሊያበዙት መቻላቸው ነው። የሚበጅዎት ፀሐይን መከላከል ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ጨረሩ ብርቱ ነው፤ መከላከያ አቅሙ (SPF) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ክሬም ይቀቡ፣ ደጅ ከዋሉ በየሁለት ሰዓቱ ይድገሙት፣ ጃንጥላም አይለይዎት። ጥቁረቱ አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል።

አንድ ነገር አልነገሩንም፤ የወር አበባዎ ይዛባል? ከሆነ የአገጭዎ ፀጉር መነሻ የሆርሞን መዛባት ሊሆን ስለሚችል የማህፀን ሐኪም ያማክሩ፤ መነሻው ካልታከመ በሌዘር የጠፋው ፀጉር ተመልሶ ይበቅላል። እስከዚያው ፀጉሩን በክር ወይም በወረንጦ ከመንቀል ይልቅ ቃጠሎው ሲድን በጥንቃቄ ቢላጩት ይሻላል። ምልክቱ ውሃ ከቋጠረ ወይም መግል ከያዘ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ።